ወደ ዓይን የሚወጋ መድኃኒት በእንስሳት ላይ የሚፈተነው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከአንቲቦዲ የሚሠሩ መድኃኒቶችን በእንስሳት ላይ የመፈተን ግዴታ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በሌሎች ዘዴዎች ለመተካት ማቀዱን አስታወቀ። አንቲቦዲ ሰውነታችን ተውሳክን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ዛሬ በፋብሪካም ይመረታል፤ የሚፈለገውን አንድ ነገር ብቻ ለይቶ እንዲይዝም ተደርጎ ይቀረጻል። ውሳኔው በቅርብ ከሚመለከታቸው የሕክምና ዘርፎች አንዱ የዓይን ሕክምና ነው። በዕድሜ መግፋት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይናቸው እንዳይጠፋ በየጊዜው የሚታከሙ ሰዎች ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ አንቲቦዲ ወይም የአንቲቦዲ ቁራጭ ናቸው። የሚሰጡትም በቀጥታ ወደ ዓይን ውስጥ በመርፌ ነው። ወደ ሰው ከመድረሳቸው በፊትም በጥንቸልና በጦጣ ዓይን ተሞክረዋል።

ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ሐሳቦች ይደመጣሉ። አንደኛው «ይህ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ከንቱ ጭካኔ ነው» ይላል። ሁለተኛው «በእንስሳ ተሞክሮ ካለፈ ለሰውም አያሰጋም» ይላል። ሁለቱም የእንስሳው ዓይን ምን መመስከር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳይመረመር የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። የሚያስፈልገው ይህን ለይቶ ማወቅ ነው።

መድኃኒቱ በጠብታ ወይም በክኒን ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

ዓይን በቀላሉ የማይገባበት አካል ነው። በዓይን ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት አብዛኛው በእንባ ታጥቦ ይሄዳል ወይም ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በጥቅሉ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ያም ቢሆን የሚቀረው በፊተኛው ክፍል ነው። በሽታው ያለው ደግሞ ከኋላ ነው። በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፍ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በሬቲናው መሃል ያለችው ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምባት ናት። ጠብታ እዚያ ድረስ ለሕክምና በሚበቃ መጠን አይደርስም።

ክኒንም ሆነ በክንድ የሚሰጥ መርፌ ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። የሬቲና ደም ሥሮች ግድግዳ ሕዋሳት እጅግ ተጣብቀው የተሠሩ ስለሆኑ በደም ውስጥ ያለውን ሁሉ አያሳልፉም። ይህን አጥር ለመሻገር የመድኃኒቱን መጠን መጨመር ይቻል ይሆናል፤ ያኔ ግን ለአንዲት ትንሽ ቦታ ሲባል መላው አካል ለመድኃኒት ይጋለጣል።

ስለዚህ መርፌው ወደ ዓይን ገባ። በሌንሱና በሬቲናው መካከል ያለውን ሰፊ ክፍል ቪትረስ የሚባል ዝልግልግ አካል ሞልቶታል። ሐኪሙ ዓይኑን አደንዝዞ ኮርኒያ ከሚባለው ግልጽ የፊት ሽፋን ጠርዝ 3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ይወጋል። የመርፌው ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው መድኃኒት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዲት ጠብታ ያህል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከሬቲናው ሥር ወይም በዓይኑ ነጭ ግድግዳና ከሥሩ ባለው የደም ሥር ሽፋን መካከል የሚወጉ መድኃኒቶችም አሉ።

በዓይን ውስጥ ያልተፈለጉ ደም ሥሮች እንዲያድጉ የሚያደርገውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን የሚገታ የመጀመሪያው የዓይን መድኃኒት ፔጋፕታኒብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና ቀድሞ መድኃኒት ላልነበራቸው ብዙ ሰዎች እይታቸውን አቆይቶላቸዋል።

ይህ በጥንቸል ዓይን ላይ ሻምፑ ከሚጨመርበት ፈተና ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ መደባለቁ ግን የተለመደ ነው። ያኛው የድሬይዝ ፈተና ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1944 ዘዴውን ካሳተሙት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪ ከጆን ድሬይዝ ነው። በፈተናው የመዋቢያና የጽዳት ኬሚካሎች በጥንቸል ዓይን ላይ ይደረጉና ዓይኑ ምን ያህል እንደሚቆጣ ይመዘገባል። በ1980ዎቹ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ሰፊ ዘመቻ ያካሄዱበት ይህንኑ ፈተና ነበር፤ ዘመቻውም ውጤት አስገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የተፈተኑ አዳዲስ መዋቢያዎች በገበያው እንዳይሸጡ ከልክሏል። ለሊፕስቲክ ሲባል የጥንቸል ዓይን ማቃጠል ምንም ማመካኛ አልነበረውም።

መድኃኒት ወደ ዓይን የሚወጋበት ፈተና ግን ዓላማውም አካሄዱም ሌላ ነው። እንስሳው ይደነዝዛል፤ የሚወጋውም ለሕክምና የታሰበ ነገር ነው። ይህ ማለት ፈተናው እንስሳውን አይጎዳም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ እንስሳት በመጨረሻ ይገደላሉ።

በፈተናው ቀን ምን ይደረጋል?

በብዛት የሚፈተንባትን ጥንቸል እንውሰድ። ከፈተናው በፊት ሁለቱም ዓይኖቿ ይመረመራሉ፤ የታመመ ዓይን ያላት ትወጣለች። በፈተናው ዕለት ማደንዘዣ በመርፌ ይሰጣታል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የኬታሚንና የዛይላዚን ድብልቅ ነው። ዓይኗ ላይም ማደንዘዣ ጠብታ ይጨመራል፤ ተሕዋስያንን ለመግደል በፖቪዶን አዮዲን ይታጠባል፤ ሽፋኖቹም በትንሽ የሽቦ መያዣ ተከፍተው ይያዛሉ።

የጥንቸል ሌንስ ከዓይኗ መጠን አንጻር ከሰው ሌንስ በጣም ይበልጣል። መርፌው በሰው ዓይን እንደሚደረገው ከተሰካ ሌንሱን ሊነካው ይችላል። የተነካ ሌንስ ይደፈርሳል፤ ዓይኑም ይቆጣል፤ የዚያ ዓይን ውጤት በሙሉ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ተመራማሪው ወደ ኮርኒያው ጠርዝ ቀረብ ብሎ ይገባና የመርፌውን ጫፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን ነርቭ አቅጣጫ ያዘነብላል። መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ይገፋል። መርፌውን ሲያወጣ በቀዳዳው ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሊያቀረዝዝ ይችላል። የተሰጠው ሁሉ አንዲት ጠብታ ብቻ ስለሆነ ያቺ ጥቂት ፈሳሽ ከመድኃኒቱ ትንሽ የማይባል ክፍል ይዛ ልትወጣ ትችላለች፤ ስለዚህ ትመዘገባለች። የዓይኑ ግፊት ለአፍታ ስለሚጨምር ወደ ሬቲናው ደም መፍሰሱ አለመቋረጡ ወዲያው ይታያል።

በቀጣዮቹ ቀናትና ሳምንታት በማይክሮስኮፕ በተገጠመ መብራት የዓይኑ ውስጥ ይታያል። በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የመቆጣት ሕዋሳት ካሉ እንደ ብዛታቸው ደረጃ ይሰጣቸዋል። የዓይን ግፊት ይለካል። የሬቲና ንብርብሮች በብርሃን በሚሠራ የምስል መሣሪያ ይነሣሉ። ዓይኑ ብልጭታ ሲያይ ሬቲናው የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ምልክትም ይመዘገባል፤ ይህ ሬቲናው ደህና ከመምሰሉ አልፎ በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ነው።

የመርፌው ውጊያ ብቻውንም ዓይንን ሊያስቆጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሌሎች ጥንቸሎች መድኃኒቱ የሌለበትን ፈሳሽ ብቻ ይወጋሉ። መርማሪውም የትኛው ዓይን ምን እንደተወጋ እንዳያውቅ ይደረጋል፤ ካወቀ የሚጠብቀውን ማየት ይጀምራል።

በመጨረሻ ከባዱ ክፍል ይመጣል። መድኃኒቱ በሬቲናው፣ በቪትረሱና በፊተኛው ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ዓይኑ ወጥቶ ክፍሎቹ ተለያይተው መለካት አለባቸው። የአንድ ዓይን መልስ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛው ቀን ያለውን መጠን ለማወቅ ለእያንዳንዱ ቀን ሌሎች እንስሳት ያስፈልጋሉ። ለዚህ ሥራ የሚውሉ እንስሳት የሚበዙት ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

የእንስሳው ዓይን የሰውን ዓይን ይተካል?

የሰው ቪትረስ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የጥንቸል 1.5 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ጨው በባልዲ ውኃ ውስጥ ሲበተንና በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲበተን ጣዕሙ አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ ያው 0.05 ሚሊ ሊትር መድኃኒት በጥንቸል ዓይን ውስጥ ከሰው ይልቅ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ በሚችል መጠን ይጠነክራል። ጥንቸሏ ላይ ጉዳት ቢታይ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ባሕርይ ነው ወይስ ከመጠኑ ብዛት የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ወደ ትንሿ የቤተ ሙከራ አይጥ ሲወረድ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ዓይኗ ከዳር እስከ ዳር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ሌንሱ ሲሆን ለቪትረሱ የሚቀረው 5 ማይክሮ ሊትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ማይክሮ ሊትር የሚሊ ሊትር አንድ ሺሕኛ ነው። ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚወጉት 1 ማይክሮ ሊትር ሲሆን ይህ የቪትረሱ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። በሰው ዓይን ቢሰላ 0.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ሐኪሞች ከሚሰጡት መደበኛ መጠን 16 እጥፍ። የሰው መርፌ በአይጧ ዓይን ቢገባ በእኛ ዓይን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ነገር እንደመሰካት ነው፤ ለዚህም ሲባል ከዚያ የቀጠኑ ልዩ መርፌዎች ይሠራሉ። አይጥ አንድ ጂን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ትጠቅማለች። መድኃኒቱ በሰው ዓይን ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን ከእሷ ዓይን ማወቅ አይቻልም።

ቆይታውም የተለየ ነው። ራኒቢዙማብ የተባለው የታወቀ መድኃኒት በጥንቸል ቪትረስ ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 3 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በሰው ግን ከ7 እስከ 9 ቀን። ትልልቅ ሞለኪውሎች ከዓይን የሚወጡት በአብዛኛው በቪትረሱ ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ተጉዘው ከፊተኛው ፈሳሽ ጋር ነው። በትልቅ ዓይን መንገዱ ይረዝማል። «በየስንት ሳምንቱ ይወጋ?» ለሚለው የታካሚው ጥያቄ የጥንቸሏ ቁጥር በስሌት ካልተስተካከለ አይመልስም።

ሌሎችም ልዩነቶች አሉ። ጥንቸል ማኩላ የላትም፤ የሬቲናዋ ደም ሥሮችም በጠባብ መስመር ብቻ የተዘረጉ ናቸው። በብዛት የሚሠራባት ነጭ ጥንቸል በዓይኗ ውስጥ ጥቁሩ ቀለም ሜላኒን የለም። አንዳንድ መድኃኒቶች ከሜላኒን ጋር ተጣብቀው ለረዥም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ በነጭ ጥንቸል ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ባለ ቀለም ዓይን ባላቸው ሰዎች ላይ የሚኖረው ባሕርይ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። በዓለም ላይ አብዛኛው ሰው ጥቁር ወይም ቡናማ ዓይን ስላለው ይህ እንደ ትንሽ ጉዳይ መታየት የለበትም። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ቡድኖች ባለ ቀለም ጥንቸሎችን የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ብዙም የማይነገር ሌላ ልዩነት ዕድሜ ነው። የቤተ ሙከራ እንስሳት ወጣትና ጤነኛ ናቸው፤ ቪትረሳቸው ዝልግልግ እንደሆነ ነው። ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ያለፈ ሰው ነው፤ የእሱ ቪትረስ በቦታ በቦታው ወደ ውኃነት ተለውጧል። መድኃኒት በሁለቱ ውስጥ እኩል አይጓዝም።

እንደ ሰው ማኩላ ያለው የቤተ ሙከራ እንስሳ ጦጣ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች በመጨረሻ ወደ ማካክ ጦጣ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሕሊናን ከሁሉ በላይ የሚከብደውም ይኸው ፈተና ነው።

ፈተናው አሳስቶ ያውቃል?

አዎ፤ ከሁሉም የሚያስተምረው በ1990ዎቹ መጨረሻ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በሪሰስ ጦጣዎች ዓይን ውስጥ ሁለት ነገሮችን አወዳደረ፤ ሙሉ አንቲቦዲንና የአንቲቦዲ ቁራጭን። ቁራጩ በሬቲናው ንብርብሮች ሁሉ አለፈ። ሙሉው ከሬቲናው የላይኛው ገደብ አልዘለቀም። ለንጽጽሩ የተወሰደው ሙሉ አንቲቦዲ ግን ለዓይን የተሠራ አልነበረም፤ የጡት ካንሰርን ለማከም የተሠራ ነበር። ከጥናቱ የተወሰደው ትምህርት «ሙሉ አንቲቦዲ ትልቅ ስለሆነ ሬቲናን አያልፍም» የሚል ሆነ። ቁራጭ የሆነው ራኒቢዙማብ ለዓይን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቀደ።

በመካከሉ ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደውን ቤቫሲዙማብን በ2005 ማያሚ ያሉ ሐኪሞች በታካሚ ዓይን ውስጥ ወጉት። ቤቫሲዙማብ ሙሉ አንቲቦዲ ነው። በቀደመው ድምዳሜ መሠረት ሊሠራ አይገባም ነበር፤ ሠራ። በ2006 ደግሞ በጥንቸሎች ላይ የተደረገ ጥናት ቤቫሲዙማብ በአንድ ቀን ውስጥ የሬቲናውን ውፍረት ሙሉ በሙሉ ማለፉን አሳየ። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም በገንዘብ የደገፈው ትልቅ ንጽጽር በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለቱ መድኃኒቶች የእይታ ውጤት ተመጣጣኝ መሆኑን ይፋ አደረገ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የራኒቢዙማብ ዋጋ በአንድ መርፌ 2,000 ዶላር ገደማ ሲሆን የቤቫሲዙማብ 50 ዶላር ገደማ ነበር።

ጦጣዎቹ አልዋሹም። ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ስሕተቱ ከአንድ አንቲቦዲ የተገኘ መልስ ለሁሉም አንቲቦዲዎች እንዲሠራ መደረጉ ላይ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ይኸው ነው፤ ፈተናው ከተጠየቀው በላይ እንዲመልስ ይደረጋል።

ሁለተኛው ታሪክ ሌላ ዓይነት ነው። ብሮሉሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በእንስሳት አልፎ፣ በሰዎች ላይም ከ1,800 በላይ ታካሚዎች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ተሞክሮ በኦክቶበር 2019 በአሜሪካ ተፈቀደ። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 2020፣ የአሜሪካ የሬቲና ሐኪሞች ማኅበር መድኃኒቱን በወሰዱ ሰዎች ላይ የሬቲና ደም ሥሮች መቆጣትን ለአባላቱ አሳወቀ። የጥናቶቹ ምስሎች በገለልተኛ ቡድን እንደገና ሲታዩ ከመቶ ዓይን በሁለቱ ገደማ ደም ሥር በመዘጋት የታጀበ መቆጣት ተገኘ። እንስሳት ይህን አስቀድመው ማሳየት የሚከብዳቸው በቂ ምክንያት አለ። ለሰው የተቀረጸ ፕሮቲን ለጥንቸልም ለጦጣም ባዕድ ስለሆነ የመከላከያ ሥርዓታቸው ይነሣበታል፤ ዓይናቸውም ይቆጣል። መርማሪዎች ይህን ሲያዩ «የእንስሳው ነገር ነው» ማለት ይቀናቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ያ ልማድ ግን እውነተኛውን ማስጠንቀቂያም አብሮ ሊሸፍን ይችላል።

ትክክል የመራበት ጊዜስ?

ብዙ ነው። በ1990ዎቹ የዓይን ደም ሥሮች እድገት ከቪኢጂኤፍ ጋር መያያዙ፣ እሱን በመግታትም እድገቱ እንደሚቆም የታየው በጦጣዎች ዓይን ነበር። ያ ባይታወቅ ኖሮ ከላይ የተጠቀሱት መድኃኒቶች አንዳቸውም አይፈጠሩም ነበር።

በ2001 ደግሞ አርፒኢ65 በሚባል ጂን ጉድለት ምክንያት ከልደታቸው ጀምሮ በደንብ የማያዩ የብሪያርድ ዝርያ ያላቸው ውሾች ጤነኛው ጂን ከሬቲናቸው ሥር ተወጋላቸው፤ ማየትም ጀመሩ። ከውሾቹ አንዱ፣ ላንስሎት፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት እስከመቅረብ ደረሰ። በዲሴምበር 2017 በዚያው ሐሳብ የተሠራው መድኃኒት ተመሳሳይ የጂን ጉድለት ላለባቸው ሰዎች ተፈቀደ፤ በአሜሪካ ለውርስ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው በቀጥታ ወደ አካል የሚወጋ የጂን ሕክምና ነው። ይህ የተሳካው ውሾቹ የሰዎቹን በሽታ አስመስሎ የተሠራ ሳይሆን ራሱን በሽታውን ስለታመሙ ነው።

እንስሳቱን የሚጠብቃቸው ሕግ አለ?

እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ያቀረቡት መመሪያ ዛሬም መሠረት ነው፤ በሌላ መንገድ መሥራት ከተቻለ እንስሳ አይነካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ሥቃዩም ይቅለል። ተመራማሪው ከመጀመሩ በፊት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ስንት እንስሳ እንደሚያስፈልገው፣ ለምን ያነሰ እንደማይበቃው፣ ሕመምን በምን እንደሚያስታግስ ማስረዳት አለበት። በዓይን ምርምር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። እይታን ሊያሳጣ የሚችል ነገር በአንድ ዓይን ብቻ እንዲደረግ ይመከራል፤ እንስሳው በሌላው እያየ እንዲበላ፣ እንዲንቀሳቀስ። ኮሚቴዎች ሁሉ እኩል ጥብቅ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። ጥያቄው በደንብ ያልተቀረጸ ጥናት፣ ፈቃድ ቢኖረውም፣ የእንስሳውን ሕይወት ያባክናል።

ያለ እንስሳት መሥራት ይቻላል?

በከፊል፤ ክፍሉም እየሰፋ ነው። በዲሴምበር 2022 በአሜሪካ የጸደቀ ሕግ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳ መፈተን አለበት የሚለውን አሮጌ ድንጋጌ አንሥቷል፤ የሕዋስ ሙከራና የኮምፒውተር ስሌትም እንደ ማስረጃ ሊቀርቡ ይችላሉ። ለሥጋ ከታረዱ አሳማዎች የሚወሰዱ ዓይኖች መድኃኒቱ በቪትረስ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭና መርፌው እንዴት እንደሚገባ ለማየት ያገለግላሉ። ከሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ ጥቃቅን ሬቲናዎች መድኃኒቱ ሕዋሳትን በቀጥታ መመረዙን ያሳያሉ። የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጥንቸል ላይ ከተሰበሰቡ ቁጥሮች ተነሥቶ በሰው ዓይን የሚኖረውን ቆይታ ይገምታል፤ ለአንቲቦዲዎች ግምቱ በጣም ጥሩ ሆኗል።

ሕያው እንስሳ በሚያስፈልግበትም ቦታ ቁጥሩን መቀነስ ተችሏል። መድኃኒቱ ላይ የሚያበራ ቀለም ተያይዞ ከውጭ በመሣሪያ ሲለካ አንዲት ጥንቸል ለብዙ ቀናት ልትታይ ትችላለች፤ ለእያንዳንዱ ቀን ሌላ እንስሳ መግደል አያስፈልግም።

በሳህን ላይ ያለ ሬቲና ግን ደም አይዘዋወርበትም፤ የመከላከያ ሕዋስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ተጠርቶ አይመጣበትም፤ የዓይን ግፊትም የለውም። ብሮሉሲዙማብ ያስከተለው ዓይነት ጉዳት የሚነሣው ደግሞ ከእነዚህ ነገሮች ግንኙነት ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው የአሜሪካ ዕቅድ በአንቲቦዲዎች መጀመሩ ተገቢ ነው፤ በእነሱ ረገድ የእንስሳው ምስክርነት ደካማ፣ የተከማቸው እውቀት ግን ብዙ ነው። የጂን ሕክምና ላይ ሁኔታው ይለያል። ራኒቢዙማብ ቢያስቸግር በጥቂት ሳምንታት ከዓይን ይወጣል፤ ሐኪሙም ቀጣዩን መርፌ ይተወዋል። ወደ ሬቲና ሕዋሳት የገባ ጂን ግን ለዓመታት ይሠራል፤ መልሶ የሚያወጣው መንገድም የለም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ተቆጣጣሪዎች ለወራት ክትትል የሚደረግባቸውን የእንስሳት ጥናቶች አሁንም ይጠይቃሉ።